በኢንተርኔት የሚሠሩ የበጎ ፈቃድ ማኅበራትን ለጥናት ስለ መምረጥ

ቡና የሚገዛ ላኪ ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ የጭነቱን ሁሉ ደረጃ አይወስንም፤ ከላይም ከታችም፣ ከብዙ ጆንያም ናሙና ያስወጣል። በኢንተርኔት አማካይነት ያለ ደመወዝ ስለሚሠሩ ሰዎች የሚደረግ ጥናትም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል። የሠራተኞቹ ቍጥር እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ ለሚለው ጥያቄ የሚገኘው መልስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የትኞቹ ማኅበራት ተመርጠው እንደ ተቈጠሩ የሚወሰን ነውና።

ይህ ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ዛሬ በየድርጅቱ ከሚሠራባቸው የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌሮች፣ የድረ ገጽ መሥሪያዎችና ካርታዎች መካከል ብዙዎቹ በሙሉም ሆነ በከፊል የበጎ ፈቃደኞች የእጅ ሥራ ናቸው። ያለ ዋጋ መገኘታቸው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የሚያድሳቸውና ጉድለታቸውን የሚጠግን ሰው ከጠፋ፣ ሥራውን በእነርሱ ላይ የመሠረተው ነጋዴ ለጉዳት ይጋለጣል። ስለዚህ «ሠራተኞቹ በዝተዋል» ወይም «ተመናምነዋል» የሚል ጥናት ሲቀርብልን ለመመዘን የሚረዱትን አምስት ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ በጎ ፈቃደኛ የሚባለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት በ1991 ዓ.ም. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ ተጀምሮ፣ ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ሊኑክስ ፋውንዴሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከሥራው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ደመወዝ በሚከፈላቸው ባለሙያዎች እንደሚሠራ ገልጿል። ይህን ማኅበር ከሌሎቹ ጋር ሳይለይ የሚቈጥር አጥኚ፣ የኩባንያዎችን ቅጥር የሕዝብ ልግስና አስመስሎ ያቀርባል።

2ኛ/ የፈረሱትም መቈጠር አለባቸው። ዛሬ ክፍት የሆኑትን ሱቆች ብቻ ቈጥሮ «በመርካቶ የከሰረ ነጋዴ የለም» የሚል ሰው አይታመንም። ቻርልስ ሽዋይክና ሮበርት ኢንግሊሽ በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሶርስፎርጅ በተባለው ማዕከል የተመዘገቡትን ከ170 ሺህ በላይ የሶፍትዌር ሥራዎች መርምረው አብዛኞቹ ተጀምረው የተተዉ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንደዚሁም በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው ኑፔድያ የተባለ መዝገበ ዕውቀት በ2003 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ በ2001 ዓ.ም. ከጎኑ የተቋቋመው ዊኪፔድያ ግን አድጓል። የዳነውን ብቻ የሚመረምር ሰው የዳነበትን ምክንያት ሊያውቅ አይችልም።

3ኛ/ በአንድ ታላቅ ማኅበር ብቻ መወሰን አይገባም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔድያ በትጋት የሚሠሩት ጸሐፊዎች ቍጥር እስከ 2007 ዓ.ም. ካደገ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀንሷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ለዚህ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የአዲስ ገቢዎች ሥራ በነባሮቹና በራሳቸው በሚሠሩ መሣሪያዎች አማካይነት ቶሎ መሰረዙ ነው። ይህ ችግር የዊኪፔድያ ብቻ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለመለየት በ2018 ዓ.ም. ሌሎች ተመራማሪዎች 740 ተመሳሳይ ማኅበራትን መርምረው፣ ያው የማደግና የመቀነስ ሂደት በእነዚያም እንደሚታይ አረጋገጡ። በ740 ማኅበራት የታየው ነገር በአንዱ ብቻ ከታየው ይልቅ ይታመናል። የቋንቋም ነገር አይዘነጋ፤ በእንግሊዝኛው የታየውን፣ ጸሐፊዎቹ እጅግ ጥቂት ለሆኑት ለአማርኛው ዊኪፔድያ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

4ኛ/ ማመዛዘኛ የሚሆን ማኅበር መምረጥ ያሻል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ስታክ ኦቨርፍሎው ሥራው ቀነሰ። ይሁን እንጂ የመቀነሱ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ አጥኚዎቹ ቻትጂፒቲን እንደ ልብ ማግኘት በማይቻልባቸው በሩሲያና በቻይና ያሉትን መሰል ማኅበራት ከእርሱ ጋር አነጻጸሩ። በ2024 ዓ.ም. እንደ ታተመው ውጤት፣ ከእነዚህ ጋር ሲመዛዘን በ6 ወራት ውስጥ የ25 በመቶ ቅናሽ ታይቷል። ማመዛዘኛው ባይኖር ኖሮ ቍጥሩ ብቻውን ስለ ምክንያቱ ምንም ባልተናገረ ነበር።

5ኛ/ የጊዜው ርዝመት ይታሰብበት። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በሃይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ ለኦፕንስትሪትማፕ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች በያሉበት አገር ሆነው የዋና ከተማውን የፖርቶፕረንስን ካርታ ለእርዳታ ሠራተኞች አዘጋጅተዋል። ያን ሰሞን ብቻ ወስዶ የዓመታቱን አካሄድ መተንበይ፣ በፋሲካ ዋዜማ ሽያጭ የዓመቱን ትርፍ እንደ መገመት ይሆናል።

እንግዲህ ጠንቃቃ አጥኚ የመረጣቸውንና የተዋቸውን ማኅበራት ከነምክንያታቸው ይዘረዝራል፤ ምርጫውንም የሚፈጽመው ውጤቱን ከማየቱ በፊት ነው። ነጋዴዎቻችንም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሶፍትዌር ለድርጅታቸው ከመያዛቸው አስቀድሞ፣ ሥራውን የሚሠሩት እነማን እንደ ሆኑ፣ ደመወዝ የሚከፍላቸው ካለ ማን እንደ ሆነ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከገቡት አዲሶች ስንቶቹ እንደ ጸኑ ቢጠይቁ መልካም ነው። መልሱ ካላረካቸው የሒሳብ መዝገባቸውን በሌላ ሶፍትዌር በሚነበብ መልክ ጭምር ያስቀምጡ፤ ማኅበሩ ቢፈርስ እንኳ መዝገቡ በእጃቸው ይቀራል።