ዋቱን ትተው አምፔሩን ያንብቡ

በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ ጌም ቤት ለመክፈት ኮምፒውተር የሚያስገጣጥም ነጋዴ ገንዘቡን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨርሶ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ቢያነሳ አይፈረድበትም፤ ጥራቱ በዓይን አይለይምና። ሆኖም ቡናን ናሙና ሳያይ የማይገዛ ሰው ይህን ዕቃ በካርቶኑ ጽሑፍ ብቻ መግዛት የለበትም።

ካርዱና ፕሮሰሰሩ በዋናነት ኃይል የሚያገኙት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ስለዚህ በዕቃው ጎን የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ። ካርቶኑ 500 ዋት ቢልም በ12 ቮልት ሥር 18 አምፔር ብቻ ከተጻፈ፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። አርቲኤክስ 3060 ካርድ ግን ብቻውን 170 ዋት ይፈልጋል፤ አምራቹ ኤንቪዲያም ለሙሉው ኮምፒውተር 550 ዋት ይመክራል።

ቀጥሎ የመብራቱ ጉዳይ አለ። መስመሩ 220 ቮልት ቢሆንም የቡና መፈልፈያ ሞተር ሲነሳ ሊወርድ ይችላል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ መውረዱን ይችለዋል። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ያለው ግን 115 ላይ እንደተተወ ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ሁለቱም ያው ናቸውና የዩፒኤስ ወጪ አይቀርም።

ርካሹ ሲቃጠል ካርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ምትኩን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ደግሞ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።