ባለ ዐሥራ ሁለት ክር የኤሌክትሪክ ጊታርን ስለ ማስተካከል

በኅብረታችን የሙዚቃ ክፍል ከሚገኙት መሣሪያዎች መካከል ባለ ዐሥራ ሁለት ክሩ የኤሌክትሪክ ጊታር ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር ከተነሣ ሰንብቷል። ይሸጥ የሚሉት ወንድሞችና እኅቶች ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ይኸውም «ጣት ይጎዳል፤ ተቃኝቶም አይጥምም» የሚል ነው። አባባላቸው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጣት የሚጎዳው መሣሪያው ክፉ ሆኖ ሳይሆን በባለሙያ እጅ ሳይስተካከል በመቆየቱ እንደሆነ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ መቃኘትና ማስተካከል ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። መቃኘት ክርን ወጥሮ ወይም አላልቶ የሚፈለገውን ድምፅ ማግኘት ነው፤ ይህንንም ክራር የሚመታ ሁሉ ያውቀዋል። ማስተካከል ግን የአንገቱን ቀጥታነት፣ ክሩ ከሰሌዳው የሚርቅበትን ከፍታና የሚነዝረውን የክር ርዝመት መወሰን ነው። የበገና ደርዳሪዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ዐሥሩ የበገና ክሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ከሥራቸው ትገባለች፤ ያ የምንወደው ነዛሪ ድምፅ የሚገኘውም እንዚራዋ በልኳ ስትቀመጥ ብቻ ነው። በጊታር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ቢነዝር ጉድለት ይባላል። ቢሆንም ጥበቡ ያው የፀጉር ያህል ርቀትን መለየት ነው።

ዐሥራ ሁለቱ ክሮች ስድስት ጥንድ ናቸው። ሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች እኩል ድምፅ ሲሰጡ፣ በአራቱ ወፍራም ጥንዶች ውስጥ ግን አንደኛው ክር ከጓደኛው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይቃኛል። ጥንድ ክር ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተነሣው ከአፍረን ቀሎ ቡድን የወጣው፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ ከጊታር ጋር የሚጫወተው ዑድ አብዛኛው ክሩ ጥንድ ነው፤ አየለ ማሞ ያስወደደን ማንዶሊንም እንዲሁ። በኤሌክትሪክ ጊታር ይህን ድምፅ ዓለም በይበልጥ የሰማው ጆርጅ ሃሪሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ሪከንባከር የተባለውን ባለ ዐሥራ ሁለት ክር ከያዘ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። ስድስት ክር ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር በተለመደው ቀጭን ክር ሲቃኝ አንገቱ ከ50 ኪሎ የማይበልጥ ጉተታ ይሸከማል። ዐሥራ ሁለት ክር ሲሆን ግን ጉተታው ወደ 90 ኪሎ ግድም ይደርሳል። አንድ ኩንታል እህል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው! ይህን የተሸከመ ቀጭን የእንጨት አንገት ወደ ፊት ቢጎብጥ ምን ይደንቃል? አንገቱ ሲጎብጥ ክሩ ከሰሌዳው ይርቃል፤ ጣትም በአንድ ጊዜ ሁለት የራቁ ክሮችን ለመጫን ይገደዳል። ቁስሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ባለፈው ክረምት ከዚራ ውስጥ አንድ ባለሙያ ይህንኑ ዓይነት ጊታር ሲሠራ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ከዚራ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ በባቡሩ ምክንያት የተመሠረተ ሠፈር ነውና ሞረድና ካቻቢቴ የማያውቅ እጅ በዚያ እምብዛም አይገኝም። ሰውየው አዲስ ክር አግብቶ ሳይቃኝ ምንም አልነካም፤ ምክንያቱም አንገቱ የሚለካው ሸክሙን እንደ ተሸከመ ነው። ከዚያም ክሩን በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ቦታ ተጭኖ በመካከል ያለውን ክፍተት ለካ። ክፍተቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሲበዛ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ በሩብ ዙር ብቻ አጠብቆ፣ እንደገና ቃኝቶ፣ እንደገና ለካ። ይህ ትዕግሥት ነው ገንዘብ የሚከፈልበት። በተለይ የቆዩት የሪከንባከር ጊታሮች ሁለት ዘንግ ስላላቸውና በኀይል ቢጠብቁ የጣት ሰሌዳው ሊላቀቅ ስለሚችል፣ «እኔ እሞክረዋለሁ» የሚል ጓደኛ ቢመጣ ቁልፉን አትስጡት።

ቀጥሎ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባቸው ጎድጓዶች ይሞረዳሉ። ጎድጓዱ ጥልቀት ካነሰው በመጀመሪያው ፍሬት ላይ መጫን ያስቸግራል፤ ከበዛበት ክሩ ይነዝራል። ጥንዶቹም እርስ በርሳቸው ሳይጋጩ አንድ ጣት የሚሸፍናቸው መሆን አለባቸው። ከዚያ ድልድዩ ወርዶ ወይም ወጥቶ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ ቀጭኑ ክር ወደ 1.5፣ ወፍራሙ ወደ 2 ሚሊሜትር ያህል እንዲርቅ ይደረጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የክሩን ርዝመት ማስተካከል ነው። ክሩ በ12ኛው ፍሬት ላይ ሳይጫን ተነክቶ የሚሰጠው ድምፅና ተጭኖ የሚሰጠው ድምፅ አንድ መሆን ይገባዋል። ተጭኖ ከፍ ካለ መቀመጫው ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይገፋል። ወፍራም ክር ከቀጭኑ ረዘም ያለ ርዝመት ይፈልጋል፤ በብዙ ጊታሮች ላይ ግን ሁለቱ ጥንዶች አንድ መቀመጫ ይጋራሉ። ስለዚህ ባለሙያው በሁለቱ መካከል ማስታረቅ ግድ ይሆንበታል። ፌንደር በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጊታር ለእያንዳንዱ ክር የራሱን መቀመጫ የሰጠው ይህን አስቦ ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ድልድይ ከተገኘ ከሌላው ወጪ ሁሉ ይቀድማል።

ይህ ጉዳይ እኛን ከሌሎች ይልቅ ያገባናል። ዘፈናችንን በጊታር ስንጫወት በአንድ ክር ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄድን ዜማውን ማውጣት እንወዳለን፤ እንደ ምዕራባውያን በኮርድ ብቻ አንሸፍነውም። በትዝታ ጥቂት ስሕተት ይታለፍ ይሆናል። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ግን የግማሽ ድምፅ ርቀቶች ስላሉ፣ ጥንዶቹ ወደ ላይ ሲወጡ ከተለያዩ ቅኝቱ ፈጽሞ ይበላሻል።

የአየሩም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር፣ ድሬዳዋ ግን ወደ 1,200 ሜትር ናት። በአንዱ አገር የተስተካከለ ጊታር በሌላው ሙቀትና ድርቀት ልኩን ይለቃል፤ እንጨቱ እርጥበት ሲያጣ የፍሬቶቹ ጫፍ እንኳ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ስለዚህ ጊታሩ በሚጫወቱበት ከተማ፣ ከመጣም ከጥቂት ቀናት በኋላ ይስተካከል።

ለባለሙያው የክሩን ውፍረት፣ የምንቃኝበትን ከፍታና የምንጫወተውን ዓይነት አስቀድመን እንንገረው። አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገን ለመቃኘት ከተስማማን ጉተታው ከአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል፤ ዘፋኞቻችንም አይቃወሙም። ሁለት ሳምንት ያህል ከተጫወትንበት በኋላ አንገቱ እንደገና ይለካ ዘንድ መልሰን እንውሰድለት፤ ዋጋውን ስንነጋገርም ይህችን ሁለተኛ ጉዞ ጨምረን እንነጋገር።