መጀመሪያ ተበደሪ፦ ሞጣ ለገባች ወጣት እናት

ልጄ፣ ባንኩ ባልሽን ወደ ሞጣ ቅርንጫፍ እንዳዛወረው፣ አንቺም ሥራሽን ለቀሽ፣ ትልቋን አዝለሽ፣ ሁለተኛውን በሆድሽ ይዘሽ ዓባይን ተሻግረሽ እንደመጣሽ ሰማሁ። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። በደርግ ዘመን መምህርት ሆኜ ቢቸና ተመደብሁ፤ ኋላ ሞጣ ተዛወርሁ። ልጆቼን የወለድሁትም ያሳደግሁትም እናትና እኅት በሌሉበት በእነዚህ ሁለት ከተሞች ነው። ምክሩን በቁጥር ያስቀመጥሁት ለማንበብ እንዲቀልሽ እንጂ ቅደም ተከተል ኖሮት አይደለም፤ የመጀመሪያው ብቻ የግድ መጀመሪያ ነው።

1. ተበደሪ። አዲስ ሰፈር የገባ ወጣት ቤተሰብ ሁሉ አንድ ምኞት አለው፦ ማንንም ሳያስቸግሩ መኖር። ከጨው እስከ ምጣድ ሁሉን ገዝቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ማለፍ። ጨዋነት ይመስላል። እኔ ግን ሰውን እንደዚህ ብቻውን የሚያስቀር ነገር አላየሁም።

ከአዲስ አበባ እርሾ በላስቲክ ቋጥረሽ አምጥተሽ ከሆነ ድፊው። ዱቄትሽን ከማቡካትሽ በፊት ኩባያ ይዘሽ ጎረቤትሽ ቤት ሂጂና «እርሾ ይኖርሻል?» በያት። ከቡኮዋ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውኃ ትቀዳልሻለች። እየቀዳች አገርሽን ትጠይቅሻለች፤ ስንት ልጅ እንዳለሽ፣ መውለጃሽ መቼ እንደሚደርስ፣ ባልሽ ይጠጣ እንደሆነም ትጠይቅሻለች። አትቀየሚ፣ መልሽላት። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ብርዳም ከተሞች ናቸው፤ በሐምሌ ቡኮው አልነሳ ይልሻል፣ ምን እንደምታደርጊም የምትነግርሽ እሷ ናት። ኩባያውን ግን ባዶውን አትመልሺ፤ ቆሎ ይሁን ቁራሽ ዳቦ ጣል አድርጊበት።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገርሽ። ቢቸና በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ ባሌ ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሳለ፣ አንድ ማታ ጎረቤቴ ወንፊቷን ልትወስድ መጣች። የተዋስሁት ከአንድ ቀን በፊት ነበር። ስትገባ የበኩር ልጄ በትኩሳት እየነደደ፣ እኔ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ግራ ገብቶኝ አገኘችን። ወንፊቱን ረሳችው። ባሏን ጠርታ፣ እሱ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እሷ ፋኖስ ይዛ፣ ጫማ በሚያወልቀው የቢቸና ዋልካ ውስጥ ጤና ጣቢያ ድረስ አደረሱን። ከዚያች ማታ በኋላ ባሏን «ወንድሜ» ብዬ ነው የጠራሁት። ወንፊት ባልዋስ ኖሮ ማንም አይመጣም ነበር፤ እኔም በዚያ ዝናብ የማላውቀውን ሰው በር አላንኳኳም።

ጎረቤት በቅርበቱ ብቻ ዘመድ አይሆንም። ምንም ከማይጎድለው ቤት ሄዶ በርበሬ የሚጠይቅ ሰው የለም። አንቺ ስትጠይቂ ግን እሷም ካንቺ መጠየቅ ትችላለች።

2. እድር ገና በገባሽ ወር ተመዝገቢ። «ለሁለት ዓመት ነው የመጣነው» አትበዪ፤ እኔም ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር የመጣሁት። ወርኃዊ መዋጮው አይከብድሽም፤ የሚከብደው ተራው ነው። ለቅሶ ቤት እንጀራ ይዞ መሄድ፣ ወጥ መሥራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ማምሸት። ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ ከባዱን አያስነኩሽም፤ ግን ታይተሽ ተመለሺ።

አሁን የምልሽን ሌላ ሰው አይነግርሽም፣ ለወጣት መንገር ስለሚከብድ። ወላጆችሽ በሕይወት አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ሩቅ ናቸው። አንድ ቀን ክፉ ወሬ ይመጣል። ያን ቀን ባልሽ ቢሮ ሆኖ፣ አንቺ ልጅ እያጠባሽ፣ ነገሩን በስልክ ብቻሽን መስማት የለብሽም። አንዲት የምታምኛትን የሰፈር ሴት ምረጪና ስልኳን ለወንድምሽ ስጪው፤ «እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውል» በይው። የእድሩ ሽማግሌዎች በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው እንደ ወጉ ያረዱሻል፤ የሚይዝሽ እጅ አብሮ ይመጣል። እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ደብረ ታቦር ብሆን ኖሮ ከዚያ የተሻለ አልሰማውም ነበር።

3. የአራስነትሽን ነገር ከአሁኑ አስቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለባልሽ የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። በሦስት ቀን የአጥሚት ማሰሮ እንኳ አይታጠብም። ስለዚህ የዓመት ዕረፍቱን ለሠርግና ለዓመት በዓል አያባክነው፤ ለዚህ ያቆየው። አሁኑኑም አጥሚት ማፍላት ይልመድ። አብሽ እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚመታ፣ ዱቄቱ እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳዪው። «ሴታሴት ሆነ» የሚሉ አይጠፉም። ይበሉ። ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖ ሲመለስ የሚስቁበት ሰዎች ናቸው ሚስቶቻቸው በስውር የሚቀኑብሽ።

እናትሽ «በምጥሽ ቀን ካልደረስሁ» ትልሻለች። ይህን ከሰማሽኝ ሐሳቧን አስቀይሪያት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቤትሽ በሰው ይሞላል፤ የማርያም ገንፎ ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ቅቤ የያዘች ትመጣለች፣ ዶሮ የያዘች ትመጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል፤ ባልሽም እንደዚሁ። አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ከሕፃኑ ጋር አንግተሽ ቀኑን ከትልቋ ጋር ትታገያለሽ። እናት የምታስፈልገው ያን ጊዜ ነው። እሷ ትቀየም ይሆናል፤ ከመጣች በኋላ ይገባታል።

መውለጃሽ ሆስፒታል ይሁን፤ ሞጣም ቢቸናም አለ፣ በእኔ ጊዜ ያልነበረ ነገር ነው። የትልቋን የክትባት ካርድ ከአዲስ አበባ ዕቃ ውስጥ ፈልጊና አውጪው። የሚወለደው በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወሩ ለኩፍኝ ይከተባል። ቀኑን ዘመድ አያስታውስሽም፤ በር ላይ ለጥፊው።

4. ክርስትናውን ለአዲስ አበባ አትስጪ። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ታስነሺያለሽ፤ እኅትሽ ወይም የባልሽ ወንድም «እኔ አነሳለሁ» ማለታቸው አይቀርም። እነሱ ቀድሞውንም አክስትና አጎት ናቸው፤ ክርስትና የሚጨምርላቸው ነገር የለም። ለሞጣ ሰው ስጪው። የክርስትና አባት ወይም እናት ስትሰጪ ሁለት ቤት ይዛመዳል፤ ልጆቻቸው ከልጆችሽ ጋር እስከማይጋቡ ድረስ። ሀብታም አትምረጪ፤ ቤቱ ቅርብ፣ አፉ ዝግ፣ ለልጅ ጊዜ ያለው ሰው ምረጪ። ሁለቱ ልጆቼ ዛሬም ሞጣ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያድሩት እኔ ቤት አይደለም።

5. «መጤ» ሲሉሽ አትደንግጪ። የሞጣ ጊዮርጊስን ያሠራችው ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ነበረች፤ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ወጥታ ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ የተዳረች። ወዲያ ያለችውን መርጡለ ማርያምን ያሳነጸችው እቴጌ እሌኒ ደግሞ የሐድያ ገዥ ልጅ ናት። የምሥራቅ ጎጃምን ሁለት ታላላቅ ደብሮች ያቆሙት ከሩቅ የመጡ ሴቶች መሆናቸውን ለአማትሽም ንገሪያት። ከቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔና መጻሕፍት ሊማር ከየአገሩ የሚመጣው የቆሎ ተማሪም አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ እየቆመ ነው የኖረው። እዚህ አገር ደጅ የሚቆም እንግዳ አዲስ ነገር አይደለም። የሚገርማቸው በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ እንግዳ ነው።

6. ሙስሊም ጎረቤት ይኖርሻል፤ ሞጣ የነጋዴ ከተማ ነች። ታኅሣሥ 2012 መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ ከተማዋ የደረሰባትን ሰምተሽ ይሆናል። ያ ቁስል አልተረሳም፤ አዲስ ሰው ስለሆንሽ የማንንም ወገን ወሬ ሳትቀበዪ መጀመር ትችያለሽ፤ ይህ ዕድል ለእኛ ለነባሮቹ የለም። ለክርስትናው ድግስ የሙስሊም ጎረቤቶችሽ በራሳቸው እጅ እንዲያርዱ በግ፣ ድስትና ቦታ ለይተሽ አዘጋጂላቸው። ድስቱ አዲስ ይሁን። ለዒድ ሲጠሩሽ ደግሞ ሂጂ፤ ጾም ከሆነም ቡና አለ።

7. ጎተራ ይኑርሽ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በዚህ አገር መንገድ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፣ ባንክ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ፍርዱን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ስለ ሌማትሽ እናውራ። የቢቸና ዙሪያ፣ የእነማይ መሬት፣ ጤፍ አገር ነው። ጤፍ የሚገዛው ውቂያው አልቆ ገበያው ሲሞላ፣ በጥርና በየካቲት ነው፤ በክረምት ዋጋው አይቀመስም። ጤፍ ነቀዝ አይበላውምና ደረቅ ቦታ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ሽሮና በርበሬ በበጋ አስፈጪ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ ብለሽ የጭስ ምጣዱን አትናቂው፤ ያንን ደግሞ ከእርሾዋ ጎረቤት ጋር በጋራ መጠቀም ይቻላል። በቤትሽ ጥሬ ገንዘብ ይኑር፤ የባንክ ሠራተኛ ሚስት ይህን ስትባል ትስቅ ይሆናል፣ ባልሽ ግን አይስቅም።

ከወላጆችሽ ጋርም ከአሁኑ ተነጋገሪ፦ ስልክ ቢጠፋ ለስንት ቀን እንደማይደነግጡ፣ ከዚያ በኋላ ማንን እንደሚጠይቁ። ይህን ያልተነጋገሩ ቤተሰቦች ውስጥ እናቶች ስንት ሌሊት በከንቱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

8. ከገጠር የባልሽን እኅት ወይም የአክስቱን ልጅ «ልጅ እንድትይዝልኝ» ብለሽ የምታመጪ ከሆነ ከመምጣቷ በፊት ትምህርት ቤት ቦታ ያዢላት። ቀን ካልተቻለ ማታ። ያለዚያ አታምጪያት።

9. ከባልሽ ጋር ስትጣሉ መሀል የሚገባ ሰው አዘጋጁ። በአገራችሁ አክስት ትገባለች፣ አጎት ይቆጣል፣ ነገሩ ማታውኑ ያልቃል። እዚህ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ ትንሿ ነገር ሳምንት ታድራለች። ገና ሳትጣሉ፣ ሰላም ሳላችሁ፣ የንስሐ አባት ያዙ፤ ከእሳቸው ሌላም ባልሽ የሚያፍራቸው፣ አንቺም የምትፈሪያቸው አንድ ሽማግሌ ምረጡ። በየበዓሉ ቤታቸው ሄዳችሁ እንኳን አደረሳችሁ በሉ። ጠብ የመጣ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያንኳኩት በር አይከፈትም፤ ቢከፈትም ያሳፍራል። እናትሽ ጋ ደውለሽ ባልሽን አትክሰሺ። አንቺ ማታውን ትታረቂያለሽ፣ እሷ ግን ሩቅ ሆና ዕርቁን ስለማታይ ቂሙን ይዛ ትቀራለች።

10. መንገድ ሰላም ሲሆን እናትሽን አምጫት እንጂ ሁልጊዜ አንቺ አትሂጂ። ከጎሐ ጽዮን 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተነስቶ ወደ 1100 ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደጀን የሚወጣ መንገድ ለሕፃን ጆሮ ከባድ ነው። የግድ ካልሽ ቁልቁለቱ ላይ አጥቢው፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ብርድ ልብሱንም በረሃው ውስጥ አውልቂለት፤ ደጀን ላይ መልሰሽ ታለብሺዋለሽ።

እናትሽ ስትመጣ ቤት ውስጥ አትደብቂያት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካንቺ ጋር ብቻ ከተቀመጠች የሚታያት የልጇ ብቸኝነት ነው፤ ተመልሳ ለዘመድ የምትነግረውም ያንኑ ነው። እርሾ ከሰጠችሽ ቤት ቡና አስጠሪያት። የማኅበር ቀን ከደረሰ ይዘሻት ሂጂ። እኔም ቤቴ ከጊዮርጊስ በታች ነው፣ ጠይቀሽ ታገኚዋለሽ፤ ይዘሻት ነይ። ስትመጪ ወንፊት ከተረፈሽ አምጪልኝ፣ የእኔ ተቀዷል።