የጊዜ መለኪያዎችን ወደ ገበሬው አቆጣጠር መመለስ

በዝናም ለሚለማ ሰብል ሰባት ቀን ትንሽ ጊዜ አይደለም። በሰኔ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ፍሬው ሳይሞላ ዝናሙ ሊቋረጥበት ይችላል። ይህን የመሰለው መዘግየት ሁልጊዜ ከገበሬው ወይም ከበሬ እጦት የሚመጣ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው በወረቀት ላይ የተጻፈ ቀን በትክክል ሳይተረጎም በመቅረቱ ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በእርሻ ሚቲዎሮሎጂ መግለጫዎችና በምርምር ሰነዶች የሚገኙትን የጊዜ መለኪያዎች ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ዴካድ የተባለው ነው። ዴካድ በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ወር በሦስት ሲከፈል የሚገኝ ጊዜ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከ1 እስከ 10፣ ሁለተኛው ከ11 እስከ 20፣ ሦስተኛው ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ ይደርሳል። በዓመት 36 ዴካዶች አሉ። ሦስተኛው ዴካድ እንደ ወሩ 8፣ 9፣ 10 ወይም 11 ቀን ሊሆን ስለሚችል፣ የዝናሙን የቀን አማካይ ለማግኘት ሁልጊዜ ለ10 ማካፈል ስሕተት ነው።

አደጋው ያለው «ጁን» የሚለውን «ሰኔ» ብሎ በመተርጎም ላይ ነው። የጁን አንደኛ ዴካድ ከሰኔ 1 እስከ 10 አይደለም፤ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 3 ነው። ሁለተኛው ከሰኔ 4 እስከ 13፣ ሦስተኛው ከሰኔ 14 እስከ 23 ይሆናል። የጁላይ አንደኛ ዴካድ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 3 ነው። እንግዲህ መግለጫው «በጁን አንደኛ ዴካድ ለዘር የሚበቃ እርጥበት ይኖራል» ቢል፣ ሰኔ 1ን የሚጠብቅ ሰው ሰባት ቀን አቃጠለ ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ድረስ ይህ ዝምድና በየዓመቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በካርቶን ላይ ጽፎ በጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

በሙከራ መዝገብና በሳተላይት ካርታ ላይ ደግሞ ቀኑ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ በተራ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። አንዳንዶች ይህንን «ጁሊያን ቀን» ይሉታል፤ ስሙ ግን በከዋክብት ተመራማሪዎች ዘንድ ለሌላ ቆጠራ የተሰጠ ስለሆነ ባይጠቀሙበት ይሻላል። ቁጥሩን ለመመለስ 112 መደመርና ለ30 ማካፈል ነው። ለምሳሌ ዘሩ በ168ኛው ቀን ተዘራ ቢባል፣ 168 ሲደመር 112፣ 280 ይሆናል። ለ30 ሲካፈል 9 ወር ሞልቶ 10 ይተርፋል፤ ከመስከረም ጀምሮ ዘጠኙ ወራት ካለፉ በኋላ ማለት ሰኔ 10 ነው። ቀሪ ከሌለ የሞላው ወር 30ኛ ቀን ይሆናል። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለት እንደ 2016 እና 2020 ዓ.ም. ባሉት፣ የሚደመረው 111 ነው። ድምሩ ከ365 ከበለጠ ወደ አዲሱ ዓመት ስለተሻገረ 365 ይቀነስለታል፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች 366።

ጳጉሜንን መርሳት የተለመደ ነው። ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም 5 ወር ከ10 ቀን ነው። ሰኔ 4 ቢዘራ ኅዳር 14 ይደርሳል የሚል አይጠፋም፤ የጳጉሜን አምስት ቀናት ሲቆጠሩ ግን ኅዳር 9 ነው።

ይሁንና 160 ቀን የተባለው ራሱ በሁሉም ቦታ አይሠራም። ሰብል የሚያድገው በሙቀት እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም። ተመራማሪዎች በዲግሪ ቀን የሚለኩት ስለዚህ ነው። ለበቆሎ የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ ከዚያም 10 ይቀነሳል። ከፍተኛው 28፣ ዝቅተኛው 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን አማካዩ 21 ነው፤ ዕለቱም 11 ዲግሪ ቀን ይሰጣል። ለስሌት ያህል 1,320 ዲግሪ ቀን የሚፈልግ ዘር እንውሰድ። በዚህ ቦታ በ120 ቀን ይደርሳል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ 500 ሜትር ከፍ ባለ ቀበሌ አማካዩ ወደ 18 ይወርዳል፤ በቀን የሚገኘው 8 ብቻ ስለሆነ ያው ዘር 165 ቀን ይፈጅበታል። አንድ ወረዳ ውስጥ ቆላና ደጋ ባለበት አገራችን ይህ ልዩነት የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይፈልግም። ስለዚህ የዘሩ ወረቀት የመድረሻ ቀን ሲሰጥ፣ በምን ከፍታ ላይ እንደተለካና ቆጠራው ከዘር ወይስ ከብቅለት እንደተጀመረ መጠየቅ ይገባል።

ሰዓትን በሚመለከት፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት የተጻፈ ንባብ 3 ሲቀነስለት ወደ እኛ ሰዓት ይመለሳል። በ06 የተነበበ የዝናም መለኪያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተነበበ ነው፤ ያለፉትን 24 ሰዓታት ስለሚይዝ ገበሬው «ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘነበ» የሚለው ዝናም በዛሬው ንባብ ውስጥ ይገኛል።

ማኅበራቱም ግዢያቸውን በዚሁ ሂሳብ ማስያዝ አለባቸው። ዘሩ በጁን ሁለተኛ ዴካድ የሚዘራ ከሆነ እስከ ሰኔ 3 በመጋዘን መገኘት ይኖርበታል። ዩሪያ ከተዘራ በ35ኛው ቀን እንዲጨመር የታዘዘ እንደሆነም፣ ሰኔ 4 ለዘራው አባል ቀኑ ሐምሌ 9 ነው። መንገዱ በክረምት የሚቆረጥ ማኅበር ግን ማዳበሪያውን ከዘሩ ጋር አብሮ ማስጫን ይኖርበታል።