የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህርት ሳምንት እንዴት ይደልደል?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። እንግሊዝኛ የምታስተምር የውጭ በጎ ፈቃደኛ ልትመጣልን ነው። ሳምንቷን እንዴት እንደልድል?

መልስ፦ ክፍለ ጊዜውን ሁሉ ለእርሷ አትስጡ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) መምህራን በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የአገሩ መምህር ጥቂት ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ያለውን መምህር ማጠናከር ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አብራችሁ አስተምሩ፦ እርሷ ንባብና ንግግሩን ትምራ፣ እርስዎ ልጆቹ ሲቸገሩ በአፋን ኦሮሞ ያብራሩ። የቀጣዩንም ቀን ትምህርት አብራችሁ አዘጋጁ። ዓርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት፣ የእንግሊዝኛ ክበብ ይሁን፤ ቡና ከለቀማ እስከ ስኒ እንዴት እንደሚደርስ ልጆቹ ይናገሩ። ልጅ የሚያውቀውን ሲናገር አንደበቱ ይፈታል። እንግዳዋ ስትሄድ የሚቀሩት እርስዎ ነዎትና ዘዴውን ከወዲሁ የራስዎ ያድርጉት።