ፍቅርና ስለላ ለምትጽፍ የግንደወይን ልጅ

ልጄ፣ የልቦለድሽን ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ብዕር ይታዘዝሻል። ነገር ግን ሰላይሽ ፓሪስ ሆቴል ገብታ ሽጉጧን ትራሷ ሥር ስትሸጉጥ፣ ፓሪስን ያላየሁት እኔ እንኳ ከፊልም የተቀዳች መሆኗን አወቅሁባት። ስለላ ያለበት የፍቅር ልቦለድ ምሰሶው ለሚወዱት ሰው የማይነገር አንድ ነገር ነው፤ ተኩሱም አውሮፕላኑም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ምክሬን በተራ ልቁጠርልሽ።

1. ሰላይ ፍለጋ ባሕር አትሻገሪ። ጣሊያን በ1928 ከመውረሯ በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ ቆንስላ ነበራት። ቆንስል ደግሞ ከመኳንንቱ ይወዳጃል፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ያጣራል፣ የሰማውን ወደ አገሩ ይጽፋል። በነሐሴ 1932 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ «ሚሽን 101» የተባለውን ቡድን ይዞ ከሱዳን ጎጃም ገባ። አርበኞችን ሊያስተባብር፣ መሣሪያ ሊያደርስ፣ ወሬ ሊልክ ነበር የመጣው። ወራት ቆይቶ፣ ጥር 12 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። ሮም፣ ለንደን፣ ካርቱምና ጎጃም በአንድ ታሪክ ውስጥ አሉልሽ፤ ዓለም አቀፍ ስለላ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

2. ሰላይሽን ሥራ አስይዣት። የውስጥ አርበኞች ጠላት መሃል እየኖሩ ወሬና ጥይት ወደ ዱር ያሳልፉ ነበር። ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ታስረዋል፤ ከተመለሱም በኋላ ትግሉን አልተዉም። ያንቺዋ ሴት በዚያ ዘመን ምሽግ አጠገብ ጠላ ትሽጥ እንበል። የተቀዳውን ዋንጫ በመቁጠር ብቻ ምሽጉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለች። ወር ሙሉ በዱቤ ሲጠጡ የከረሙ ወታደሮች አንድ ማታ ተሰልፈው ዕዳቸውን ከከፈሉ፣ ነገ ሊዘምቱ ነው። ገንዘቡን እየተቀበለች «ምነው ቸኮላችሁ?» ብላ አትጠይቅም፤ ጋኑን እያጠበች ዝም ትላለች፤ ልጇን ግን በሌሊት ቆላ ወዳሉት አርበኞች ትልካለች። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከአሥር ገጽ ተኩስ ይበልጣል።

3. ፍቅሩን ለብቻ፣ ስለላውን ለብቻ አታስኪጂ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ደግመሽ አንብቢ። በ1975 የታተመው ይህ ልቦለድ ጋዜጠኛውን ጸጋዬን በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይወስደዋል። እጮኛው አዲስ አበባ ናት፤ እሱ ግን አስመራ ላይ በፊያሜታ ፍቅር ይወድቃል። ከተማዋ በጆሮ ጠቢ ተሞልታለች። ስለዚህ ሁለቱ እራት በበሉ ቁጥር አንባቢው ለፍቅራቸውም ለነፍሳቸውም ይሰጋል። ያንቺ ረቂቅ ላይ ግን ፍቅረኞቹ ሲገናኙ ስለላው እረፍት ይወጣል። ሲሳሳሙም ምስጢሩ መሃላቸው ይኑር።

4. ልብ ሰቀላን ከድንገተኛ ነገር አታምታቺ። በሩ በድንገት ተበርግዶ ወታደር ቢገባ አንባቢሽ አንዴ ይደነግጣል፤ አለቀ። ወታደሩ ከበሩ ኋላ መቆሙን አንባቢው አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ጀግናሽ ግን ሳታውቅ ቡና ብታፈላ፣ አንባቢሽ እስከ ሦስተኛው ጀበና ትንፋሹን ይዞ ይከተልሻል። እያንዳንዱን ምስጢር ማን እንደሚያውቀው በወረቀት ጥግ ጻፊ፦ እሷ፣ እሱ፣ ጠላት፣ አንባቢ። አራቱም እኩል ካወቁ ያ ምዕራፍ ሞቷል።

5. የአገርሽን ንግግር ተጠቀሚበት። ሰላይሽ ሬዲዮ ተሸክማ ስትዞር አየሁ። ደራሲውን ሐዲስ ዓለማየሁን ያስተማሩት ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የት ሄደው ነው? ባለ ቅኔ በሞላበት አገር መልእክት በሰውና በወታደር ፊት ተነግሮ ለአንድ ጆሮ ብቻ ሊደርስ ይችላል። አልቃሿ ለቅሶ ላይ ሟቹን «በዚያ መልካ ተሻግሮ» ብላ ስታሞግስ፣ ዳር የቆመው የዱር ሰው ዛሬ ማታ የትኛው መሻገሪያ እንዳልተጠበቀ ይገባዋል። አጠገቡ የቆመው የጠላት አስተርጓሚ የሰማው ለቅሶውን ብቻ ነው።

6. በሰው ስም አትቀልጂ። ብቸና አካባቢ አርበኛውን በላይ ዘለቀን የማያውቅ ስለሌለ እሱን ከሩቅ የሚሰማ ስም አድርገሽ ተዪው፤ በአፉ ያልተናገረውን አታናግሪው። የባንዳ ነገር ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። የባንዳና የአርበኛ የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፣ ይጋባሉም። ከዳተኛሽን ከሰፈር ሰው አትቅጂ፤ ለምን እንደከዳ ግን በደንብ አስረጂ። ለልጁ እህል ብሎ ነው? በድሮ የመሬት ክርክር ተቀይሞ ነው? ምክንያት የሌለው ከሐዲ ማንንም አያስፈራም። በእውነተኛ ሰዎች ዙሪያ መጻፍ የሚያስከፍለውንም እወቂ፤ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

7. የሌሎችን አንብቢ፣ ግን አትቅጂ። ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎሙ ላንድ ትውልድ አቅርበዋል፤ ከእሳቸው የትረካን ፍጥነት ተማሪ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳም ከባሕር ማዶ ስለላ ጋር ሲያጋጥም ወጣቱ ተሻምቶ አንብቦታል፤ አገርኛው ነገር እንደማያሳፍር ከዚያ ተረጂ። እንግሊዛዊው ጆን ለካሬ ራሱ የስለላ ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ቢሆን በብዛት የጻፈው ስለ ድካምና ስለ መካካድ ነው።

እንግዲህ ፓሪስን ለጊዜው ተያት። መጀመሪያ ሦስተኛውን ምዕራፍ አንሺና ሁለቱ ፍቅረኞች የሚገናኙበትን ቦታ ጠላ ቤት አድርጊው። እሱ አስተርጓሚ ይሁን፣ እሷ ወሬ አሳላፊ። ይዋደዱ፣ ግን አንድ ጥያቄ እንዳይጠያየቁ አድርጊ። እሱን ምዕራፍ ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።