የሠራተኞች ልጆች ከትምህርት ሰዓት በፊትና በኋላ ስለሚጠበቁበት ሁኔታ

የአንድ ንግድ ቤት ጥንካሬ በመደርደሪያው ላይ በተደረደረው ዕቃና በባንክ በተቀመጠው ገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ዕቃውን የሚሸጠው፣ ሒሳቡን የሚጽፈውና መጋዘኑን የሚቆጣጠረው ሠራተኛ ልቡን በሥራው ላይ አሳርፎ ለመዋል ካልቻለ ንግዱ ሊቃና አይችልም። የሠራተኛውን ልብ ከሥራው ላይ ከሚያነሡት ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ የት እንደሚውልና ማን እንደሚጠብቀው አለማወቁ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ የየቤተ ሰቡ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሲታሰብ ኖሯል። ነገር ግን በሰዓትና በሒሳብ ሲመረመር የንግድም ጉዳይ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ከዚህ በታች በየክፍሉ ተዘርዝሯል።

የሥራ ሰዓትና የትምህርት ሰዓት ልዩነት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው በሳምንት እስከ 6 ቀን በሥራ ላይ ሊውል ይችላል ማለት ነው። ትምህርት ቤት ግን የሚያስተምረው በሳምንት 5 ቀን ነው።

ለምሳሌ ያህል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፍቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚዘጋ ሱቅ ይወሰድ። ሻጯ ከቤቷ የምትወጣው በ2 ሰዓት ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ታክሲ ተሰልፋ ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ልጇ ግን በ2 ሰዓት ተኩል ገብቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይለቀቃል። እናቱ እስክትመለስ 3 ሰዓት ተኩል ይቀራል፤ ይህም በ5 ቀን 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅዳሜ ሙሉውን 11 ሰዓት ሲጨመርበት በሳምንት 28 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ልጁ በትምህርት ቤት የሚቆየው በሳምንት 35 ሰዓት ስለ ሆነ፣ ወላጅ የማያየው ጊዜ መምህር ከሚያየው ጊዜ ሦስት አራተኛ ይበልጣል። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሲሆን ደግሞ ግማሹ ቀን ባዶ ስለሚሆን ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

የጠዋቱም ችግር የተናቀ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪው፣ የአትክልት አከፋፋዩና የጭነት መኪና ተቀባዩ ጎሕ ሳይቀድ ሥራ ስለሚጀምሩ፣ ልጆቻቸው የትምህርት ቤቱ በር እስኪከፈት በመንገድ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ አለዚያም ቤት ዘግተው ለብቻቸው ይመጣሉ።

ከዕለቱ ልዩነት ሌላ የዓመቱ ልዩነት አለ። በክረምት በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል። የደብተር፣ የዩኒፎርም፣ የጫማና የቦርሳ ነጋዴ ግን ገበያው የሚደራው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው። ሠራተኛው እጅግ በሚፈለግበት ሰሞን ልጁ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል።

ነጋዴው ሳያስበው የሚከፍለው ዋጋ

ብዙ ነጋዴዎች ለልጆች ጥበቃ አንድም ገንዘብ አላወጣንም ብለው ያስባሉ። ሒሳቡን በደንብ ለሚያይ ሰው ግን ዋጋው በሌላ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። አንዲት ሻጭ ልጇን ከትምህርት ቤት አውጥታ ለጎረቤት ሰጥታ ለመመለስ በቀን 1 ሰዓት ብታጠፋ፣ በወር በ26 የሥራ ቀን 26 ሰዓት ይሆናል። ይህም ከ3 የሥራ ቀን ይበልጣል። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ በየጊዜው ስልክ የሚያነሣ የሒሳብ ጸሐፊ ቁጥር ቢያዛባ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚቆይላት ሰው ያጣች ሠራተኛ በመጨረሻ ሥራዋን ትለቃለች፤ ነጋዴውም ዋጋውን፣ ደንበኛውንና የዱቤ መዝገቡን ለምታውቅ ሠራተኛ ምትክ እንግዳ ሰው ቀጥሮ እንደ ገና ማስተማር ይኖርበታል። ቡና በሚልኩ ነጋዴዎች መጋዘን የሚሠሩት ለቃሚዎች በብዛት ሴቶች ስለ ሆኑ፣ በላኪው ዘንድ ይህ ጉዳት ይልቁንም ይታያል።

ልጁ የሚከፍለው ዋጋ ከዚህ ይከብዳል። አንዳንዱ ከወላጁ ጋር ሱቅ ይመጣና ካርቶን አንጥፎ ከባንኮኒው ሥር ይተኛል። ሌላው ዕቃ አምጣ፣ ዝርዝር ገንዘብ አስመጣ እየተባለ ቀስ በቀስ ተላላኪ ይሆናል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር በዚያው አዋጅ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ጥበቃ ተብሎ የተጀመረው ነገር ነጋዴውን ወደ ሕግ መተላለፍ እንዳያደርሰው መጠንቀቅ ያሻል። በብዙ ቤት ደግሞ የጥበቃው ሸክም የሚወድቀው በታላቅ እኅት ላይ ነው። እርሷ ታናናሾቿን ስታበላና ስትጠብቅ የራሷ ጥናት ይቀራል፤ ፈተና በወደቀች ጊዜም ምክንያቱን የሚመረምርላት የለም።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ

በስዊድን አገር ይህ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በ1887 እ.ኤ.አ. አና ሂየርታ ሬትሲየስ የተባለች ሴት በስቶክሆልም ከተማ ለድኻ ቤተ ሰብ ልጆች የሥራ ቤት አቋቋመች። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ እየመጡ የእጅ ሥራ ይማሩና ምግብ ይበሉ ነበር። ይህ የበጎ አድራጎት ሥራ እያደገ ሄዶ ዛሬ በሕግ የቆመ አገልግሎት ሆኗል። ወላጆቻቸው የሚሠሩ ወይም የሚማሩ ልጆች ከትምህርት በፊትና በኋላ፣ ትምህርት በሚዘጋበትም ጊዜ፣ እስከ 12 እና 13 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይጠበቃሉ። ቦታውም ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወላጅ የሚከፍለው በገቢው መጠን ሆኖ የመጨረሻው ወሰን ተቆርጦለታል።

በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሆነው ደግሞ አሠሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካይዘር የመርከብ ሥራ ኩባንያ ብዙ ሺህ ሴቶች ቀጠረ። በ1943 እ.ኤ.አ. በሁለት የመርከብ መሥሪያ ቦታዎች መግቢያ ላይ ለትምህርት ላልደረሱ ልጆች ማቆያ ቤቶች ተከፈቱ። የመርከቡ ሥራ በፈረቃ ስለ ነበረ ማቆያዎቹም ሌትና ቀን ይሠሩ ነበር። መጠነኛ ሕመም ላለበት ልጅ የተለየ ክፍል ነበረ፤ እናትም ስትወጣ ልጇንና የተዘጋጀ ራት በዋጋ ገዝታ ትሄድ ነበር። ወደ 4,000 የሚጠጉ ልጆች በዚያ ተጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ወጪው በመንግሥት የጦርነት ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲያልቅ ማቆያዎቹም ተዘጉ።

በጃፓን አገር እናቶች የሚናገሩት አንድ አባባል አለ፤ «የአንደኛ ክፍል ግድግዳ» ይሉታል። ሕፃኑ በመዋያ ሳለ እስከ ምሽት ይጠበቅ የነበረው፣ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ገና ከቀትር በኋላ ስለሚለቀቅ እናትየው ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትምህርት በኋላ የሚደረገውን ጥበቃ በሕፃናት ደኅንነት ሕግ ውስጥ አስገብቶታል።

ከሦስቱ አገሮች ሁኔታ አንድ ትምህርት ይገኛል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የወላጅ ችግር አያልቅም። የጥበቃው ሥራ የሚጸናውም ወጪው በብዙ ትከሻ ላይ ሲከፈል ነው፤ በአንድ ምንጭ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ ምንጩ በደረቀ ቀን አብሮ ይደርቃል።

በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

ኢትዮጵያ የቤተ ሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የተደረገውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ የሕፃናት እንክብካቤ አገልግሎት እንዲስፋፋ ያዝዛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ በይበልጥ የሚረዱት የጨቅላ ሕፃን እናት ነው። የ7 እና የ10 ዓመቱ ተማሪ ግን በመካከል ቀርቷል።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው ቁርስና ምሳ የማብላት ሥራ ከጠዋቱ ችግር ከፊሉን አቃልሏል። ቁርሱን በትምህርት ቤት የሚበላ ልጅ ማልዶ ቢሄድ ተቀባይ አለውና። ከሰዓት በኋላ ላለው ጊዜ ግን እንዲህ ያለ መደገፊያ ያስፈልጋል።

ቀድሞ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው አያት፣ ጎረቤትና የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ከተማው ሲሰፋ፣ ቤተ ሰብ ከነባር ሰፈሩ ወደ ዳር ሲዛወር፣ የሚተማመኑ ጎረቤቶች ተለያይተዋል። ሆኖም የመተባበሩ ልማድ አልጠፋም። በየገበያው እቁብና እድር ያለው ነጋዴ ብዙ ነው። ለሐዘን የተሠራበት ሥርዓት ለልጅ ጥበቃ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ነጋዴዎች በኅብረት ሊያደርጉት የሚችሉት

1ኛ፤ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ተራ የሚነግዱ ነጋዴዎች ከሠራተኞቻቸው ልጆች ውስጥ ለትምህርት የደረሱት ስንት እንደ ሆኑ፣ የት እንደሚማሩና በስንት ሰዓት እንደሚለቀቁ በመዝገብ ይጻፉ። ከዚህ በፊት ቤት መከራየት ከንቱ ወጪ ነው።

2ኛ፤ እንደ እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይምረጡ። ከወላጆችም አንዲት እናት በኮሚቴው ውስጥ ትግባ።

3ኛ፤ ልጆቹ በብዛት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ ክፍል እንዲፈቅድ ይጠይቁ። ልጁ መንገድ ሳይሻገር ባለበት ቢቆይ የሚሻል ነው። ይህ ካልተቻለ ክፍል ይከራዩ፤ ነገር ግን ከመጋዘን በላይ ወይም በመጋዘን ውስጥ አይሁን። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ፣ ዕቃ በታጨቀበት ቦታ እሳት እንዴት እንደሚዛመት ለሁሉም አሳይቷል። ክፍሉ መውጫው ሁለት ቢሆን፣ ውኃና መጸዳጃ ቢኖረው መልካም ነው።

4ኛ፤ ጠባቂዎቹ ዋስ ያላቸው፣ ጠባያቸው የተመሰከረላቸውና ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ይሁኑ። ለ10 ልጆች አንድ ጠባቂ ቢመደብ ለጅምር ይበቃል። ልጅን ለመውሰድ የተፈቀደለት ሰው ስም በመዝገብ ይጻፍ፤ ስሙ ላልተጻፈ ሰው፣ ዘመድ ነኝ ቢልም፣ ልጅ አይሰጥ።

5ኛ፤ ጊዜው ይከፋፈል። መጀመሪያ መክሰስ፣ ቀጥሎ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ጨዋታ ይሁን። ልጆቹን ለሱቅ ሥራ መላክ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ወጪው ስንት ይሆናል?

የሚከተለው ሒሳብ የአሠራሩን ዘዴ ለማሳየት ብቻ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ በሰፈሩ ያለውን ዋጋ ይተካበት። ልጆቹ 20፣ ጠባቂዎቹ 2 ቢሆኑ በወር፤

የክፍል ኪራይ፣ 12,000 ብር።
የሁለት ጠባቂዎች ደመወዝ፣ 16,000 ብር።
መክሰስ፣ ለ20 ልጆች በቀን 25 ብር ሒሳብ በ22 ቀን፣ 11,000 ብር።
ሳሙና፣ ደብተርና ልዩ ልዩ፣ 3,000 ብር።
ድምር፣ 42,000 ብር።

ለአንድ ልጅ 2,100 ብር ይደርሳል። ግማሹን አሠሪው፣ ግማሹን ወላጅ ቢከፍሉ ለእያንዳንዳቸው 1,050 ብር ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍል በነፃ ቢሰጥ ድምሩ ወደ 30,000 ብር፣ የአንዱ ልጅ ድርሻ ወደ 1,500 ብር ይወርዳል። ነጋዴው ይህን ገንዘብ በወር ከሚባክኑት 26 ሰዓቶችና አዲስ ሠራተኛ ለማሠልጠን ከሚጠፋው ጊዜ ጋር ያመዛዝነው። በክረምትና በቅዳሜ ሙሉ ቀን ለመጠበቅ ደግሞ ተጨማሪ መዋጮ ስለሚያስፈልግ፣ እንደ እቁብ ከወር ወር ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥ ይበጃል።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ሥራ ነው ሊል ይችላል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ መንግሥትም ድርሻው እንዳይረሳ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የሱቁን የመዝጊያ ሰዓት የሚወስነው ነጋዴው ነው፤ ልዩነቱም የሚፈጠረው በዚያ ሰዓት ነው። ክፍል ለመከራየት አቅም የሌለው ባለ ሱቅ እንኳ፣ የትንሽ ልጅ ወላጅ የሆነውን ሠራተኛ በጠዋቱ ፈረቃ አስገብቶ በ9 ሰዓት ቢያሰናብት፣ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ለልጁ ብዙ አድርጓል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለአንድ ሱቅ የሚከብደው ነገር ለአንድ ተራ ሱቆች ቀላል ነው። የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት በየተራው ያሉ ነጋዴዎች ቢያንስ የመጀመሪያውን ተግባር ማለት የልጆቹን ስም መመዝገብ ቢፈጽሙ፣ ሌላው ሥራ ከዚያ መዝገብ ላይ ተነሥቶ ይቀጥላል።